ጮቄ ላይ የቀረው የልጄ እግር

ከጮቄ ተራራ ጫፍ ስንወርድ ልጄ የሺ የእግሯ ጣቶች አልሰማ አሏት። «አባዬ፣ ጣቶቼ ቀድመውኝ ወርደዋል መሰለኝ» አለች። እኔም እንደ ቀልድ ሰምቼ አለፍኩት።

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። በዚያ ዓመት የከብት በሽታ አገሩን ሲፈጅ፣ ሁለቱ በሬዎቼ ቢተርፉልኝ ልጄን ይዤ ተራራው ጫፍ ወዳለው ጸበል በባዶ እግር እወጣለሁ ብዬ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። በሬዎቹ ተረፉ። በዋዜማው የጣለው በረዶ ጫፉን ሸፍኖታል። ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ባዘቶ ለስልሶ እግር ይሰምጥበታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በባዶ እግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። የሺ ግን ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ካስገባኋት ወዲህ ሸራ ጫማ ለምዳለች። በረዶው ጋ ስንደርስ አስወለቅኳት።

«ጸበሉ አጠገብ ስንደርስ ባወልቀውስ?» አለችኝ።

«ስለት አይሸራረፍም» አልኳት።

ጫፉ ላይ ንፍሯችንን በላን። እኔ ረጅም ጸሎት ጸለይኩ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ።

ቤት ስንገባ እግሯ እንደ ሰም ነጥቷል። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። እግሯን ወደ እሳቱ አስጠጋሁት።

«ሞቀሽ?»

«ምንም አይሰማኝም።»

የበለጠ አስጠጋሁት። የሚቃጠል ቆዳ የሸተታት ባለቤቴ ጥሩነሽ ናት። ጎትታ ያወጣቻትም እሷው ናት።

በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ቅቤ ቀባነው። በአራተኛው ቀን ጠቆረ። ጥሩነሽ «ማርቆስ ሆስፒታል እንውሰዳት» አለች። እኔ «እመቤታችን አትጥላትም» አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ጎረቤት «ስለቱ አልሠመረለትም» እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። በዘጠነኛው ቀን መቃዠት ጀመረች። ስምንት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት።

ሐኪሙ ጨርቁን ፈቶ አየ።

«በእሳት ያሞቃት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በበረዶ የተጎዳ እግር ነው፤ ፍሮስትባይት እንለዋለን። የደነዘዘ ሥጋ ሲቃጠል አያስታውቅም። ለብ ያለ ውሃ ይበቃው ነበር። አሁን ሥጋው ሞቶ በስብሷል፣ ጋንግሪን ሆኗል፤ መርዙም ደሟ ውስጥ ገብቷል።»

«እግሯን አድኑልኝ።»

«ነፍሷን ለማትረፍ እሞክራለሁ። ለእሱም ቃል አልገባም።»

ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። የግራው ጣቶች ሁሉ ሄዱ። ፔኒሲሊን ተወጋች። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሐኪሙ እኔን ማየት ተወ። የምትቀበርበትን ቦታ በልቤ መረጥኩ።

እግሯ በተቆረጠ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በሁለት ምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግቢው መሄድ እየተማረች፣ ስትወድቅ ላነሳት የዘረጋሁትን እጄን እያለፈች በራሷ ትነሳ ነበር። አጠገቧ የተኙት የደምበጫ ነጋዴ እትዬ ዘይነባ «ቀስ በይ ልጄ፣ ገበያው እንደሆን አልተበተነም» ሲሏት ትስቃለች፤ እኔ ስገባ ግን ሳቋ ይቆማል። ዛሬም የሌለው እግሯ ያማታል። ሐኪሙ ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው ብሎኛል። የመንደራችን አቀበት ለምርኩዝ ስለማይሆን ማርቆስ ቀርታለች፤ ወደ ቤቷም ተመልሳ አታውቅም። መዳን ይህ ከሆነ ድናለች።

ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «እሺ አባዬ» አለችኝ። ይቅር ብላኝ ይሁን ዝም እንድል ፈልጋ፣ አላወቅሁም፤ ደግሜም አልጠየቅኋትም።

ለሐኪሙ፣ ለተሸከሟት ጎረቤቶቼና ለእትዬ ዘይነባ ምስጋናዬ እስከ መቃብሬ ነው። የልጁ እግር በብርድ የደነዘዘበት አባት ይህን ልብ ይበል። እሳት አጠገብ አታድርሰው፤ በእጅህም አትሸው። ክርንህን ነክረህ በማያቃጥልህ ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ተሸክመህ ሂድ። ጸሎትህን መንገድ ላይ ጸልይ። ስለት ካለብህም በራስህ እግር ብቻ ውጣ።