ደረት ላይ የጠለፍኩት ቁጥር

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ላይ፣ ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ በገባሁ በዓመቱ፣ ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርኩ። ከምንከባከባቸው መካከል ከፖላንድ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሌሎቹ ሠራተኞች በስማቸው ይጠሯቸዋል። እኔ ግን አባቴን የሚያህሉ ሰው፣ ያውም አንቱታ በሌለው ቋንቋ፣ በባዶ ስማቸው ለመጥራት አፌ እምቢ አለኝና «ጋሼ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት።

ልብስ ላውንድሪ ውስጥ እየጠፋ ስላስቸገረ፣ ሱፐርቫይዘሯ በየልብሱ ላይ የባለቤቱ ስም ወይም የክፍሉ ቁጥር እንዲጻፍ አዘዘች። ሌሎቹ አንገትጌው ውስጥ በማርከር ሞነጫጭረው ተገላገሉ። እኔ ደግሞ ጥልፍ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጉራም አያጣኝም። የጋሼን አዲስ ሸሚዝ ቤቴ ወሰድኩት።

«አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ፤ በማርከር ጽፈሽ ፊኒሽ አታደርጊም?» አለችኝ አብራኝ የምትሠራ አንዷ ያገሬ ልጅ።

አልሰማኋትም። የትልቅ ሰው ስም እንዲሁ መጻፍ ድፍረት መሰለኝ። ስለዚህ የክፍላቸውን ቁጥር፣ ሁለት መቶ አሥራ አራትን፣ በግራ ደረቱ ላይ በሰማያዊ ክር አሳምሬ ጠለፍኩት።

ጠዋት ሳለብሳቸው ቁልቁል አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ቁርስም ምሳም አልበሉም፣ እኔንም አላስጠጉኝም። ያን ያህል ደክሜ ምን አጠፋሁ ብዬ እኔም አኮረፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከፒከሪንግተን መጣች። ሸሚዙን እንዳየች እኔን ወደ ኮሪደር አውጥታ ነገረችኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አባቷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ጀርመኖች ከመንደራቸው አፍሰው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አስገቧቸው። ከፋብሪካው ጀርባ፣ ሽቦ በታጠረ ካምፕ ውስጥ እያደሩ ሦስት ዓመት በግዳጅ ሠሩ። ደረታቸው ላይ የተሰፋ ቁጥር ነበር፤ የሚጠሩትም በእሱ ነበር።

«ከአለቆቹ አንዱም በስሙ ጠርቶት አያውቅም» አለችኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ገብቼ ጉልበታቸውን ልስም ተንበረከክሁ።

«ተነሺ» አሉኝ። «መቀስ ስጪኝ።»

ለነዋሪዎች መቀስ መስጠት ክልክል ነው። ሰጠኋቸው። ሸሚዙን አውልቀው ክሩን አንድ በአንድ መዘዙት። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ላግዝዎ ብል እምቢ አሉ።

ሲጨርሱ ሸሚዙን መለሱልኝ። «አሁን አንገትጌው ውስጥ ስሜን ጥለፊ።»

ፊደሎቹን እየነገሩኝ ጠለፍኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «ጋሼ...» ብዬ ስጀምር ራሳቸውን ነቅንቀው አስቆሙኝ። በባዶ ስማቸው ጠራኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንደገና» አሉኝ።