አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ ባሌን ከሰስሁት

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ዛሬ የምመሰክረው የሚያኮራኝን ነገር አይደለም። ሦስት እሑድ ልነሳ አስቤ ሦስቱንም ጊዜ ተቀምጬ ቀረሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ለባለቤቴ «እናገራለሁ» አልሁት። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ይቅር» አለኝ። «ላንተ ብዬ አይደለም፤ ጌታ ያደረገልኝን ዝም ማለት ስላልቻልሁ ነው» አልሁት። እንግዲህ ባለቅስም እጨርሰዋለሁ። ወስኛለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሙሉነሽ እባላለሁ። የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ፤ አራዳ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ደሳለኝ አናጢ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የልብ ሕመም አለብኝ፤ በየቀኑ የምውጠው ክኒን አለ። ማርገዝም ለሕይወትሽ ያሰጋል ተብያለሁ። ደሳለኝ ይህን ሁሉ አውቆ ነው ያገባኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ ክኒኑን በአንድ እጁ፣ ውኃውን በሌላው ይዞ ይመጣል። ስድስት ዓመት እንዲህ አደረገ።

ታዲያ ደሳለኝ ያኔ ይጠጣ ነበር። ሲጠጣ ይጮሃል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ ያስለቅሰኛል። ከዚያ እዚሁ ጉባኤ መጥቶ ጌታን ተቀበለ። መጠጡን ተወ። ጩኸቱ ጠፋ። ሃሌ ሉያ! እኔ ግን ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ይጮህ የነበረ ሰው ዝም ሲል ምን እያሰበ ነው? ረቡዕ ጸሎት ነው፣ እሑድ ጉባኤ ነው። ልጅ አልወለድሁለት፤ እዚያ ደግሞ ጤነኛ፣ ቆንጆ እህቶች ሞልተዋል። ይቅር በሉኝ እህቶቼ፣ የማስበው እንዲህ ነበር።

በዚህ መሀል ነው የኮሪያው ተከታታይ ፊልም የመጣው። አንዲት ተማሪ ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታ «እትዬ ሙሉ፣ ይህን ሳታዪ እንዳትቀሪ፣ በአማርኛ ተተርጉሟል» ብላ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። አሥራ ስድስት ክፍል ነው። ስልኬን የስፌት ማኪናዬ ላይ አስደግፌ ቀኑን ሙሉ አያለሁ።

ጨለማ ፊልም ነው ወገኖቼ። መድኃኒት ቤት ያለው አንድ ባል አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የሚስቱን ጫማ ያስርላታል፣ ሾርባ ያጎርሳታል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ትደክማለች። ሾርባው ውስጥ ምን እንዳለ የምናውቀው እኛ ተመልካቾቹ ብቻ ነን። ለዘመዶቿ ስትናገር «እንዲህ የሚወድሽን ሰው!» ይሏታል። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ሲሠሩት ይችሉበታል። መርፌ ጣቴን እየወጋኝ ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

ስምንተኛው ክፍል ላይ ሚስትየዋ ባሏ የሚሰጣትን ክኒን መዋጥ ትታ ትደብቃለች። በማግስቱ ደሳለኝ ክኒኔን ይዞ መጣና ፈገግ አለልኝ። ልክ እንደዚያ ሰውዬ! ክኒኑን ምላሴ ሥር ያዝሁት። እሱ ሲወጣ አውጥቼ የክር ቆርቆሮ ውስጥ ከተትሁት። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ድጋፉን ያጣ ልብ ምን ይሆናል? እግሬ አበጠ። ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ይቆረጣል። እኔ ግን «ይኸው መርዙ ሠራ» አልሁ! ክኒኑን ትቼዋለሁ፣ ታዲያ መርዙ በየት ገባ? «በሻዩ ነው» ብዬ ሻይ ተውሁ። «በወጡ ነው» ብዬ እሱ የነካውን ምግብ ተውሁ። ጠላት እኮ መልስ አያጣም! ደሳለኝ «ሙሉ፣ ምነው እግርሽ? ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ሲለኝ፣ «ሊጨርሰኝ ነው» ብዬ እምቢ አልሁ። እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ ሚስትየዋ ሰው ፊት ወጥታ ትጮኻለች፤ ማንም አያምናትም። «እኔን ግን ያምኑኛል» አልሁ። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድሁ። ደሳለኝ ደጃፍ ላይ የጎረቤት ወንበር እየጠገነ ነበር። ሰፈሩ እየሰማ «ይህ ሰው ሊገድለኝ ነው! መርዝ እያበላኝ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

ጎረቤታችን አያ ታከለ ወጡ። አያ ታከለ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ያበጠውን እግሬን አዩና «ምነው ደሳለኝ? ምነው ልጄ?» አሉት። ደሳለኝ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ እኔን ብቻ ያየኛል። አንድ ቃል አልወጣውም። እኔ ይህንንም ዝምታ «አያችሁ!» አልሁ። አያ ታከለ ራሳቸው ደግፈው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ክኒኖቹን ከነቆርቆሯቸው አስረከብሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ ባለቤቴ ታሰረ።

በማግስቱ እናቴ ወሬውን ሰምታ ከእንፍራንዝ ደረሰች። እናቴ ጾም ጸሎቷን የማታጓድል የተዋሕዶ ሰው ናት፤ ደሳለኝ ወደዚህ በመምጣቱ ተቀይማው ነበር። ከእኔ ጋር ትቆማለች ብዬ ሁሉን ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ስለ ሃይማኖቱ እኔና እሱ ገና እንነጋገራለን» አለች። «ሰውዬው ግን ሸጋ ሰው ነው። የሚገድል ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ክኒን አያቀብልም። ተነሽ፣ ሐኪም ዘንድ።»

«አልሄድም!» አልሁ።

«አዝዬሽ እሄዳለሁ። አዝዬሽ አላውቅም እንዴ?» አለችና ክንዴን ያዘች። ስለ እናቴ ጌታ ይባረክ!

ሆስፒታል ስንደርስ አስተኙኝ። ፖሊሱም ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። ሐኪሙ ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አያቸው። «እነዚህን ያዘዝሁልሽ እኔ ነኝ» አለኝ። «ሌላ ምንም የለበትም። ያሳበጠሽ መርዝ ሳይሆን መድኃኒቱን ማቆምሽ ነው። ሳንባሽ ውኃ ይዟል። ጥቂት ቀን ብትቆዪ ኖሮ አንደርስልሽም ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ ሁሉ ፍርሃት ከየት መጣ?» አለኝ። ስለ ፊልሙ ነገርሁት። አልሳቀብኝም። «ስለዚህም የምታነጋግሪያት የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለችን፤ እሱም ሕክምና ነው» አለኝ። ስለ ሐኪሙም ጌታ ይባረክ!

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ወገኖቼ፣ ሞት ቀለለኝ። ንጹሕ ሰው አሳስሬያለሁ፤ ያውም የሚወደኝን።

በሁለተኛው ቀን ደሳለኝ ተፈትቶ ከፖሊስ ጣቢያ በቀጥታ መጣ። ሸሚዙ ቆሽሿል፣ ፊቱ ከስቷል። አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«አልተቆጣሁም ብልሽ እዋሻለሁ» አለኝ። «እዚያ ሆኜ ልጸልይልሽ ብዬ ስምሽን መጥራት አቅቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?» አልሁት።

«የመድኃኒትሽ ሰዓት ነው» አለኝ። ነርሷ የሰጠችውን ክኒንና ውኃ ይዟል።

ያን ጊዜ ጮኼ አለቀስሁ። «ስደበኝ! ትተኸኝ ሂድ! ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ?» አልሁት።

«ሙሉ» አለኝ፣ «እኔ ሰክሬ ስንት ጊዜ አስለቀስሁሽ? ያን ሁሉ ኢየሱስ ይቅር ብሎኝ ነው ሰው የሆንሁት። እኔ ይቅርታ ልከለክልሽ ምን አፍ አለኝ? ግን ያማል። ጊዜ ስጭኝ።»

ክብር ለስሙ ይሁን! የኢየሱስን ስም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ማልዳ የምትጠራው ስም ነው። ይቅርታው በሰው ላይ ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እዚያው አልጋ ላይ እንዲህ ብዬ ጸለይሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ማንንም ማመን አቅቶኛል። ባንተ ልጀምር። ልቤን ውሰደው።» አሜን ካልሁ በኋላ እጄን ዘረጋሁ። ክኒኑን ከደሳለኝ እጅ ተቀብዬ ዋጥሁት። የእምነት የመጀመሪያ እርምጃዬ ይህ ነበር። ሃሌ ሉያ! ሃሌ ሉያ!

እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሼም ተመለሰ። ባለሙያዋንም እያነጋገርሁ ነው። ጌታ ፈወሰኝ ስላችሁ ክኒኔን ጣልሁ ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም ጠዋት ውጬ ነው የመጣሁት። ማንም በእኔ ምስክርነት ተነሥቶ መድኃኒቱን እንዳይተው፣ በጌታ ስም እለምናችኋለሁ! ከእኔ የወጣው ባሌን ገዳይ ያደረገብኝ ጥርጣሬ ነው። ፊልሙን ከስልኬ አጠፋሁት። ሁለት ክፍል ቀርቶኝ ነበር፤ ተማሪዋ መጨረሻውን ልትነግረኝ ስትጀምር «ተይኝ» አልኋት። ሌላው አይቶት ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ድካሜን አውቃለሁ፤ ወደዚያ አልመለስም።

ከደሳለኝ ጋርም ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም። አንዳንድ ቀን ዝም ይላል፤ ያመው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ ይነግረኛል። ድሮ ዝምታውን እኔ ነበርሁ የምተረጉመው፤ አሁን ራሱ ይናገራል። ጌታ ይመስገን!

እዚህ መካከል ከጎንሽ ያለውን ሰው እየፈራሽ የምትኖሪ እህት ካለሽ፣ የሚመታሽና የሚጎዳሽ ካለ ዝም በይ አልልሽም፤ ተናገሪ፣ ሰው ይርዳሽ። እንደ እኔ ፍርሃት ብቻ ከሆነ ግን ለአንድ ሰው አውጭው፣ ለኢየሱስም ስጭው። እኔን የታገሠ ጌታ ማንንም አይመልስም። ዛሬ ኑ፣ እመኑት!

አንድ የጸሎት ርዕስ አለኝ። የጮኽሁት በሰፈር ሰው ፊት ስለሆነ፣ ቤት ለቤት እየዞርሁ «ባሌ ንጹሕ ነው፣ የበደልሁት እኔ ነኝ» እያልሁ ስናገር ሰነበትሁ። የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ነው። አያ ታከለ ልጃቸው ዘንድ አይከል ከተማ ሰንብተው ትናንት ገብተዋል። ዛሬ ጠዋት ደሳለኝ ሰላም ሲላቸው ፊታቸውን አዞሩበት። ጸልዩልኝ። ከዚህ ወጥቼ ቤቴ ሳልገባ የእሳቸውን በር አንኳኳለሁ።