ለትራክ የተሠራችው

ባለፈው ጥር ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ደጀን ላይ ምሳ ልበላ ወረድኩ። ከባድ መኪኖቹ እንደ ወትሮው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው በአንዱ ጀርባ ላይ፣ ሸራ የለበሰች ዝቅ ያለች አውቶሞቢል በገመድ ታስራ ቆማለች። ነፋሱ የሸራውን ጫፍ ሲገልጠው ነጭ ቀለም ታየኝ። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ሲዞር፣ የማን ናት ብዬ ጠየቅኩት።

"የአንድ የባሕር ዳር ሰው ንብረት ናት" አለኝ። "በራሷ እግር ይህን መንገድ አትችለውም ብለው በእኔ ላይ ጫኗት።"

ደግ አደረጉ አልኩትና ሽሮ አዝዤ ተቀመጥኩ። ግማሹን ትቼ ተነሣሁ።

በጋዜጠኝነት ከኖርኩባቸው ዓመታት ውስጥ ያጠፋሁትን ሁሉ በጋዜጣው የእርምት ዓምድ ላይ አርሜያለሁ። የተሳሳተ ስም፣ የተሳሳተ ቀን፣ አንድ ጊዜም በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ጥፋት ብቻ ሳይታረም ቀርቶ ነበር። በጋዜጣ ስላልወጣ የሚታረምበት ዓምድ አልነበረውም። ደግሞም ቃል በቃል ሲመረመር ሐሰት የለበትም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ ተቀጥሬ፣ ሌላ ሰው ስላልፈለገው የመኪና ዓምድ ተሰጥቶኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። የምጽፈውን ሁሉ የማገኘው ከአሮጌ የውጭ አገር መጽሔቶች ነው። ያላየሁትን መኪና አወድሳለሁ፤ ያልነዳሁትን እነቅፋለሁ። ደብረ ማርቆስ ያለው ታላቅ ወንድሜ አያ ስሜነህ ግን ዓምዱን እየቆረጠ የጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ነበር።

አያ ስሜነህ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ዓመት ቆይቷል፤ አባታችን ሲሞት እኛን ለማሳደግ ትቶት መካኒክ ሆነ። የቅኔው ነገር ግን ከአፉ አልጠፋም። ቃል ሲሰማ እንደ ብሎን አዟዙሮ ሳያይ አያስቀምጠውም።

በዚያ ዓመት ታናሽ እኅታችን የሺወርቅ ልትዳር ነበር። ሙሽራው ሮብ ገበያ ከምትባል ቦታ የሆነ የገበሬ ልጅ ነው። ቤተ ዘመዱ መኪና እንደማያገኝ ስለታወቀ፣ መኪናው ከእኛ በኩል እንዲሆን ተስማማን። አያ ስሜነህ ታዲያ ነገሩን አሰፋው። ለአንድ ቀን ከመከራየት አንድ የሚያምር አውቶሞቢል ገዝቶ መጀመሪያ እኅቱን ሊድርበት፣ ከዚያ በየጥሩና በየሚያዝያው ለሙሽሮች ሊያከራየው አሰበ። በሚኒባስ ላይ የነበረውን ድርሻና የብየዳ ማሽኑን ሸጠ። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ገባ።

አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ አገር መሐንዲስ ሁለት መኪና እንደሚሸጥ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ቀይዋ አሮጌ ናት፤ ቀለሟ እዚህም እዚያም ደብዝዟል፤ ግን ከመሬት ከፍ ያለች፣ የኋላ ወንበሯ ሰፊ፣ ሞተሯ አየር እየጨመቀ ጉልበት የሚሰጠው ተርቦ ያለው ነው። ነጯ አዲስ ናት። ሰዎች በአጥር በተከለለ የመሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ ሊነዷት የተሠራች፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ፣ ወንበሯ እንደ ድንጋይ የደረቀ። መሐንዲሱ እሷን ለምን ወደ እኛ አገር እንዳመጣት አልጠየቅኩትም፤ ዛሬ ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይሆን ነበር።

አያ ስሜነህ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቀይዋ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። መሐንዲሱ ሞተሩን ሲያስነሣው ቀጭን ፉጨት ተሰማ።

"ምንድን ነው የሚያፏጨው?" አልኩ።

"ተርቦ ነው" አለ ወንድሜ ቀና ሳይል። "እንደ ከባዶቹ መኪኖች። ተርቦ የመጣ ሞተር ደግሞ ዳገት ይበላል።"

ብቻውን ሳቀ። ቀይዋን ወዷት ነበር። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ።

እኔ የወደድኩት ነጯን ነው። ከሁለት ወር በፊት በዓምዴ እሷን መሰል መኪናዎችን አወድሼ፣ የተርቦ መኪና ጊዜው አልፏል፣ ነዳጁን ከረገጡት በኋላ ቆይቶ ነው የሚነሣው ብዬ ጽፌያለሁ። ይህም ከመጽሔት የተገለበጠ ነው። ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነበር። በነጯ መኪና ደብረ ማርቆስ ስገባ፣ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ቆመው ሲያዩኝ ይታየኝ ነበር። ቀለሙ በደበዘዘ መኪና መግባት አልፈለግኩም።

አያ ስሜነህ እንግሊዝኛ አያውቅም። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

"እስቲ ጠይቅልኝ" አለኝ። "ለእኛ አገር የትኛዋ ትሻላለች ይላል?"

ጠየቅኩ። መሐንዲሱ ረጅም መልስ ሰጠ። ነጯ ለትራክ የተሠራች እንደሆነች፣ በጠጠር መንገድ ሆዷ እንደሚቀደድ ተናገረ። ተራራማ አገር ላይ አየሩ ሲሳሳ ሌላ ሞተር እንደሚደክም፣ ተርቦ ያለው ግን እምብዛም እንደማይደክም አስረዳ። በመጨረሻ፣ "ወንድምህ ቀይዋን ይውሰድ" አለ። ሲናገር ቀይዋን በእጁ ሦስት ጊዜ አሳየ።

ወደ ወንድሜ ዞርኩና "ነጯ ለትራክ የተሠራች ናት ይላል" አልኩት።

አያ ስሜነህ ቃሉን ከሰውየው አፍ ራሱም ሰምቶታል። ትራክ ለእርሱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ተኝቶ የሚጠግነው የጭነት መኪና። ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"ትራክ በሚሄድበት ሁሉ ትሄዳለች ማለቱ ነው?"

እዚህ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ነበረኝ። የመሽቀዳደሚያ ሜዳ ማለቱ ነው ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር። ከትራክ በኋላ የመጣውን የሰውየውን ንግግር ሁሉ ደግሞ በጉሮሮዬ ይዤው ነበር።

"እንግዲህ ለትራክ ነው ያለው" አልኩ።

ወንድሜ ነጯን ዞሮ አያት። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ተመለከተ፤ ትንሽም ቆየ። የኋላ ወንበሯን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው።

"ጠባብ ናት" አለ። "ይሁና። ሙሽሮች ተጠጋግተው ቢቀመጡ ማን ይጠላል።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ምን ትላለህ፣ ጋዜጠኛው?"

"ነጯ" አልኩ።

ረቡዕ ማለዳ ተነሣን። እስከ ጎሐ ጽዮን ደስ የሚል ጉዞ ነበር። የዓባይን በረሃ በቀስታ ወረድን፤ ሙቀቱ በተከፈተው መስኮት እየገባ ፊታችንን ይለበልበዋል። በየጉድጓዱ ከሥራችን የመፋቅ ድምፅ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ዳገት ስትወጣ መድከሟ በግልጽ ታወቀ። ወንድሜ ማርሹን እያወረደ "ምነው ባክሽ" ይላታል፣ እንደ በቅሎ።

ደጀን ላይ ሽሮ በላን። ሾፌሮቹ ነጯን ከበቧት። አንድ ታምሩ የሚባል ወፍራም ሾፌር፣ ሲሚንቶውን እዚያው አራግፎ ደብረ ማርቆስ እህል ሊጭን ባዶውን የሚሄድ፣ ተንበርክኮ ሆዷን አየና ወደ እኛ መጣ።

"ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ መንገዱ ፈርሶ እየተሠራ ነው፤ ጠጠር ነው። ይቺ እኮ መሬት ትልሳለች። እዚሁ ተዋት።"

"አይዞህ" አለ አያ ስሜነህ። "ለትራክ የተሠራች ናት። ወንድሜ ጋዜጠኛ ነው፤ እርሱ ነው የመረጣት።"

ታምሩ ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜም አየኝ። እንጀራ ቆረስኩና ሽሮውን አጠቀስኩ። ሁለተኛው ዕድሌ ይህ ነበር፤ ከእንጀራው ጋር ዋጥኩት።

የፈራሁት ሉማሜ ከተማ ሳንደርስ ሆነ። የውቂያ ወቅት ነው። በየአውድማው የጤፍ ጭድ ተከምሯል፤ ሴቶች የሽምብራ እሸት በእቅፋቸው ይዘው በመንገድ ዳር ይሸጣሉ። አንዷን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከሥራችን አንድ ጊዜ ገጭ አለ። ወንድሜ ወዲያው አልቆመም፤ ዳገቱን ጨርሶ ሊያይ አስቦ ይመስለኛል። ከዳገቱ ጫፍ ሳንደርስ ሞተሩ ነክሶ፣ መዞር እምቢ ብሎ ቆመ። ወርደን ወደ ኋላ ስናይ ዘይቱ በነጩ ጠጠር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሠርቶ ተከትሎናል።

አያ ስሜነህ ጋቢውን ጠጠሩ ላይ አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁን በጭድ ጠረገ። ያን ቀን ቢሰድበኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ታምሩ ደረሰ። ሳያሾፍብን ወረደ። ከአውድማው ሰዎች ገመድና ወፍራም እንጨት ይዘው መጡ። ታምሩ መኪናውን ከአንድ ጉብታ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ አቆመና ነጯን ከጉብታው ላይ እየገፋን በእንጨቱ አሳልፈን ጫንናት። ላባችንን ስንጠርግ፣ አንድ ሽማግሌ የጭድ መንሻቸውን ተደግፈው ወንድሜን ጠየቁት።

"ልጄ፣ ይቺ ለምን የምትሆን መኪና ናት?"

አያ ስሜነህ ወደ ላይ፣ በከባዱ መኪና ጀርባ ላይ ጉብ ወዳለችው ነጭ መኪና ተመለከተ።

"ለትራክ የተሠራች ናት አባቴ" አላቸው። "ይኸው፣ ልክ ሆነችለት።"

ታምሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚያ ሳቅ ነው።

እሑድ የሺወርቅ ሮብ ገበያ የሄደችው በታምሩ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በባሏና በሾፌሩ መካከል ተቀምጣ ነው። ታምሩ መኪናውን አጥቦ መስተዋቶቹ ላይ ሪባን አስሮበት ነበር። መሰላል ስላልነበረ አያ ስሜነህ አቅፎ አወጣት። የቬሏ ጫፍ ከበሩ ሥር ግራሶ ነካ። ቀሚሷን ልሰበስብላት ስጠጋ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

"ነጯ ስትሄድ ታምር ነበር?"

"አዎ" አልኳት።

"እሰይ" አለች።

ሞተር ቢፈለግ ለዚያች መኪና የሚሆን አልተገኘም። ወንድሜ ብየዳ ማሽን ለመግዛት ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ እስከዚያው ለሌላ ጋራዥ ተቀጥሮ ሠራ። እኔ የመኪናውን ዓምድ ተውኩና ወደ ዜና ክፍል ተዛወርኩ። አሁን በአስተርጓሚ በኩል ሰው ሳነጋግር፣ አስተርጓሚው የተባለውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር እንዲደግምልኝ አደርጋለሁ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ አሰልቺ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ጥር ከደጀን ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ የገባሁት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አያ ስሜነህ ጋራዡ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የነጯ መኪና የፊት ወንበሮች ከግድግዳው ሥር ተተክለው የደንበኛ መቀመጫ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ቆዳቸው ተሰነጣጥቋል። አንዱ ላይ እርሱ፣ ሌላው ላይ እኔ ተቀመጥን። ያኔም እንደዚሁ ነበር የተቀመጥነው፤ እርሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። ስለ ጉልበቱም። ከዚያ፣ "አያ፣ አንድ ያልተረጎምኩልህ ነገር አለ" አልኩት።

መሐንዲሱ ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ትራክ ያለው የመሽቀዳደሚያ ሜዳውን እንደሆነ፣ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ሳሳው አየር፣ ስለ ተርቦው። "ወንድምህ ቀይዋን ይውሰድ" የሚለውንም ሳላስቀር ነገርኩት።

አያ ስሜነህ የወንበሩን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ቆየ።

"ሰውየው በእጁ ቀይዋን ሦስት ጊዜ አሳየ" አለ።

"አይተህ ነበር?"

"አጠገቡ ቆሜ። ከሥሯም አይቻት ነበር፤ መካኒክ እኮ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ነጯን ገዛህ?"

ወደ እኔ አልዞረም። ከመንገዱ ማዶ አንድ ከባድ መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣ ነበር፤ እሱን በዓይኑ ሸኘው።

"የእጁን አየሁ፤ የአንተን ሰማሁ" አለ። "አምኜ ያስጠየቅሁት አንተን ነዋ።"

በሥራዬ ሰዎች እንደዚህ ሲናገሩ ማስታወሻዬን አወጣለሁ። ያን ቀን እጄን በጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ድንጋይ በሆነው ወንበር ላይ ፀሐይዋ እስክትለቀን ተቀመጥኩ።