«በቃኝ» ያለው ሻለቃ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል። ወታደሩ ሁሉ «እንዴት-ነህ» እያለ ነው የሚጠራው። በጭቃ የተለወሰው መኪና ካምፕ ደርሶ፣ እሱ ታጣፊ ጠረጴዛውን በብብቱ ሸጉጦ ሲወርድ፣ ከዚህም ከዚያም «እንዴት-ነህ መጣ!» ይባላል። በስሙ ተቀይሞ አያውቅም። «ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ሰው አውቃለሁ፤ ተመስገን ነው» ይላል።

እኔ የክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። ክፍላችን የሠራዊቱን መንፈስ ያጠናል ይባል ነበር። በቀላል አማርኛ ወታደሩ ምን እንደሚያስብ ጠይቆ ለበላይ ይነግራል ማለት ነው። የምንሠራው ድሮ የጨርቅ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አይዘጋም፣ በሩ አይከፈትም፤ ከወንበሮቹ አንዱ እግሩ ስለተሰበረ እንግዳ ሲመጣ እሱን እንሰጠዋለን፣ ቶሎ እንዲሄድልን። እንዴት-ነህ ከጦርነቱ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነብ ነበር። የሰው በር ማንኳኳት የማያፍር ነው ብለው ይመስለኛል ወደ እኛ የመደቡት።

አጠያየቁ የራሱ ነው። መጀመሪያ አለቆቹን ሁሉ ከአካባቢው ያርቃል። «አለቃው ባለበት ወታደር ሁልጊዜ ደህና ነው» ይላል። ከዚያ ወታደሩን ፊት ለፊት ያስቀምጥና «እንዴት ነህ?» ይለዋል። «ደህና፣ ተመስገን» ይላል ልጁ። ይህን አይጽፈውም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «እንዴት ነህ?» ይላል። «ደህና ነኝ አልኩ እኮ።» ይህንንም አይጽፈውም። ሦስተኛው ላይ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን ያወራል። እሱም ብዕሩን የሚያነሳው ያኔ ነው፤ ልጁ ያለውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጽፋል። አንድ ጊዜ አረፍተ ነገሩን ላሳምርልህ ብዬው «ተይው፣ እኔ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ቆጣሪው ያለውን ነው የምጽፈው» ብሎኛል።

እኔ እነዚያን ወረቀቶች ስተይብ ኖሬ የሰው ልብ እንዴት እንደሚዞር አየሁ። ጦርነቱ ሲጋጋል የሚያማርሩት ስለ ካልሲ ነበር። ካልሲ፣ ሳሙና፣ የዘገየ ደብዳቤ። ሞትን የሚያነሳ የለም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ማን ያነሳዋል! ይቀልዳሉም። ምሽጉን ለቆ የተመለሰ ጓድ «አፈገፈጋችሁ ወይ?» ሲባል «አልሸሹም ዞር አሉ» ብሎ መልሶ፣ ኮሎኔላችን ሲያነቡት ከት ብለው ስቀዋል። የእርቅ ወሬ ሲሰማ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሦስት ዓመት ጥይት ያልፈራ ሰው ውሃ ለመቅዳት ሜዳ አልሻገርም አለ። አንዱ «በመጀመሪያው ቀን ብሞት ኖሮ ጀግና እባል ነበር፣ በመጨረሻው ቀን ብሞት የሚሉኝ እድለ ቢስ ነው» አለ። 

ተኩሱ ሲቆም ይጨፍራሉ ብለን ጠብቀን ነበር። ጨፈሩም፤ ግን ደስታው ሳምንት አልዘለቀም። ከዚያ ድካም ተከተለ። በጠራራ ፀሐይ ከነጫማቸው ይተኛሉ፣ በማንኪያ ይጣላሉ፣ ሲጽፉ የኖሩትን ደብዳቤ መጻፍ አቆሙ። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍ? አለሁ እንዳልል መኖሬን ያውቃሉ» አለ አንዱ።

እንዴት-ነህ ታናሽ ወንድም አለው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጢም አውጥቶም ቤተሰቡ ማሙሽ ነው የሚለው። ማሙሽ ሦስተኛው ሻለቃ ውስጥ ነበር። እናታቸው ጦርነቱ አበቃ የተባለ ዕለት መኝታ ክፍሉን አጸዱ፣ ፍራሹን ፀሐይ አስመቱ፣ መጋረጃ አጠቡ። ታላቁን ልጃቸውን ሥራ ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር «ወንድምህን ጠየቅኸው? መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉታል። እሱም «በቅርብ ነው፣ እማዬ። እኔው አመጣልሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ያንን ቃል የሰጠው በሙሉ ልቡ ነው፤ ተኩስ ከቆመ ወታደር ወደ ቤቱ ከመሄድ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ቃሉን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ብቻ ሦስተኛው ሻለቃ ውስጥ ተነስቶ እንደ ጉንፋን ተዛመተ፦ በቃኝ። ሻይ ልቅዳልህ? በቃኝ። ካርታ እንጫወት? በቃኝ። ተነስ፣ ተረኛ ነህ! «በቃኝ፣ ጌታዬ» እያለ ይነሳል። እንዴት-ነህ እዚያ ወርዶ «አሁን ስላለህበት ኑሮ ምን ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ከግማሽ በላዩ ያችኑ አንዲት ቃል ጣለለት። እሱም እንደ ልማዱ ቃሉን እንዳለ ጻፈ። ማብራሪያ አላከለበትም። ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ፊታቸውን ያየ ሰው ይገባዋል።

ወረቀቱ የሄደው ግን ፊታቸውን ወዳላየ ሰው ነው። ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ሁለት ደማሪዎች አሉ፤ መልሱን ሁሉ «ረክቷል»፣ «መካከለኛ»፣ «አልረካም» እያሉ የሚደለድሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ገበታ ላይ የቀረበ ሰው ሲጠግብ ምን ይላል? በቃኝ ይላል። እነሱም በዚህ ሂሳብ «በቃኝ» ያለውን ሁሉ «ረክቷል» ውስጥ ከተቱት።

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ ወጣ። ሌሎቹ ሻለቆች በየተራቸው ይሰናበታሉ፤ «በተደረገው ጥናት መንፈሱ ከሁሉ የላቀና በኑሮው የረካ ሆኖ የተገኘው ሦስተኛው ሻለቃ» ግን ይቆይና የድንበሩን ኬላ ይጠብቃል። እኔ ቅጂውን ስተይብ እንዴት-ነህ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሄዶ እግሩ በተሰበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ተንገዳግዶም አልተነሳም።

«ምነው ጋሼ?» አልኩት።

«ማሙሽ ረክቷል ተባለ» አለኝ።

ወደ ደማሪዎቹ ሄደ። ደማሪዎቹ አጻጻፉን ወቀሱ፣ አጻጻፉ ወደ ጥያቄው፣ ጥያቄው ወደ በላይ፤ የአብዬን ወደ እምዬ። በመጨረሻ ኮሎኔሉ ዘንድ ገባ። እኔም ደብዳቤ ለማስፈረም ገብቼ እዚያው ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ በቃኝ ያሉት ጠግበው አይደለም። ሰልችቷቸው ነው።»

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከእኛ ሁሉ የባሰ እንቅልፍ የሌላቸው ሰው ናቸው። «ታዲያ ሰለቸኝ አይሉም ነበር?»

«ለማብራራቱም ሰልችቷቸው ነዋ!»

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ገብቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «እኔም እኮ በቃኝ። ግን ትእዛዝ ከወጣ ወጣ ነው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ። በእኔ ቃል ብቻ አልመልሰውም። እንደገና ጠይቃቸው፤ በማያሻማ ቃል ጠይቅና አምጣልኝ። ያኔ እከራከርላቸዋለሁ።»

እንደገና ለመጠየቅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ፈራሚው ይታመማል፣ ማኅተሙ ይጠፋል፣ መኪናው ጎማ የለውም። ጦርነቱ ሲጀመር ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ ለመላክ የማይጠፋ መኪና ለመመለስ ይጠፋል። እናትየው በየቀኑ ይጠይቁታል። እሱ ወደ ቤቱ መግባት እየከበደው ሄደ፤ ሥራ ሳይኖረው ቢሮ ያመሻል። ያን ጊዜ በጣም አሳዘነኝ፣ ተናደድኩም። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር።

ፈቃዱ ሲመጣ ጥያቄው ሌላ ሆኖ ነበር፦ «ወደ ቤትህ መሄድ ትፈልጋለህ ወይስ መቆየት?» ከሁለቱ ውጭ መልስ የለም። ኮሎኔሉም ያሰቡትን ሁሉ ባይሆን አንድ ነገር ከበላይ አስፈቅደዋል፤ እሄዳለሁ ያለ ይሰናበታል፣ እቆያለሁ ያለ በቋሚነት ይቀጠራል። እያንዳንዱ በመልሱ።

እንዴት-ነህ ኬላው የደረሰው በማለዳ ነው። ያየውን ኋላ ሁሉንም ነግሮኛል። ረጅም የቆርቆሮ ቤት፣ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የብረት አልጋዎች፣ መስታወቱ ረግፎ በላስቲክ የተሸፈነ መስኮት። የሚጮህ ሰው የለም። ከቤቱ ጀርባ ሽንኩርት ተክለዋል። ሬዲዮ ጠግነዋል፤ አንድ ጆሮ የሌለው ውሻ አሳድገዋል። «በቃኝ» የሚል አንድም ሰው አልሰማም። አብዛኞቹ «እሄዳለሁ» አሉት፣ ግን ሲሉት ድምፃቸው ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያህል ነው። ከነሱም ብዙዎቹ መጀመሪያ «እናንተ እንዳላችሁ» ብለው ነበር፤ ምረጡ እየተባሉ ተለምነው መረጡ።

ማሙሽ ከሰዓት በኋላ ተራው ደረሰና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ተቃቅፈው ሰላም ከተባባሉ በኋላ ነው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና።»

«እንዴት ነህ?»

«ኧረ በእናትህ፣ ይሄን ነገር ለሌላው አድርገው። ወንድሜ አይደለህም እንዴ?»

«እሺ። መሄድ ትፈልጋለህ ወይስ መቆየት?»

«ልቆይ።»

«ማሙሽ፣ አትቀልድ።»

«በእንዲህ ያለ ነገር ይቀለዳል? ያኔ ስትመጣ ብትወስደኝ ኖሮ በእግሬ እየሮጥኩ እከተልህ ነበር። አሁን ግን እዚህ ለምን ዝም አልክ የሚለኝ የለም። ደንግጬ ብነሳ ምን ሆንክ የሚለኝ የለም፤ ሁሉም እንደኔ ነዋ። እማዬ ፊት ቁጭ ብዬ ምን እላለሁ?»

«ምንም አትልም። ትበላለህ፣ ትተኛለህ። እየጠበቀችህ ነው።»

«የምትጠብቀው ያንን የሄደውን ልጅ ነው። እኔ እሱን ከየት አመጣላታለሁ?»

እንዴት-ነህ ወረቀቱን ይዞ ቆየ። ውጭ ሰው ተራውን እየጠበቀ ያስላል። «ጻፈው» አለ ማሙሽ። እሱም ጻፈ። የጻፈው ግን «መሄድ ይፈልጋል» የሚል ነበር።

ይህን የነገረኝ የቢሮአችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ነው፣ ወረቀቶቹ ከሄዱ በኋላ። ሰው ሲናዘዝ እንደሚያደርገው አላለቀሰም፤ ብቻ ደክሞት ነበር። «ለእማዬ ምን ልበላት? ጠይቄው አልመጣም አለ ልበላት?» አለኝ።  «እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር» አልኩት። እውነቴን ይሁን ላጽናናው እስከ ዛሬ ለራሴ አልታወቀኝም።

ማሙሽ ተሰናብቶ መጣ። እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ከሥራ ስንወጣ ከእንዴት-ነህ ጋር አብረን ሄድን። እናትየው ከበር ላይ ስመው ተቀበሉኝ፤ ዓመታት ከላያቸው ተራግፈው ነበር። ቤቱ ታጥቦ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ማሙሽ ሌላ ቦታ ሁሉ እያለ ከበሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን አልፈታም። ሻንጣው አጠገቡ ነው። ሰላም አለኝ፣ ተነስቶም ቦታ ሰጠኝ፤ ትሁት ልጅ ነው። ወሬ ብንጀምርለት በአንዲት ቃል ይዘጋዋል፣ በጨዋነት።

እኔም አፌ አያርፍ፣ ዝምታው ሲከብደኝ «መቼም ቤትህ በመግባትህ ደስ ሳይልህ አይቀርም?» አልኩት።

ማሙሽ ፈገግ አለ። ያየው እኔን ሳይሆን ወንድሙን ነበር።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እናትየው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እንዴት-ነህ አልሳቀም። «ጠይቄሃለሁ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መጠየቅማ ጠይቀኸኛል። የመለስከውም አንተው ነህ እንጂ።»

እንዴት-ነህ ቀና ሊል አልቻለም።  ማሙሽም ቢሆን የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አሉ እናትየው፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እያዩ።

«ምንም አይደለም፣ እማዬ» አለ ማሙሽ። «የሥራ ነገር ነው።»

«እንኳን ጠየቀህ!» አሉ እሳቸው፣ የታላቁን ራስ ዳበስ እያደረጉ። «እሱ ሄዶ ባይጠይቅህ ኖሮ መቼ ትመጣልኝ ነበር?»

 ማሙሽ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።