የተላጨሁበት ጥር

ባለፈው እሑድ የባለቤቴ የወንድሟ ልጅ ብሩክ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ጎራ አለ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ኮፍያውን ሳያወልቅ ቁጭ አለና ስልኩን ከፍቶ አቀበለኝ። አንድ ጎልማሳ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ግንባሩ በደም ነጠብጣብ ተሞልቶ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ይስቃል።

"ቱርክ አገር ነው፣ ጋሼ። ከኋላ ያለውን ፀጉር እየነቀሉ ከፊት ይተክሉታል። በዓመቱ ጫካ ይሆናል። እኔም ልሄድ ነው፤ ምን ይላሉ?"

ኮፍያህን አውልቅ አልኩት። አወለቀ። ከግራና ከቀኝ ፀጉሩ ሸሽቶ መሐል ላይ ምላስ የምታህል ቀርታለች። ሳቄ መጣ። ያንን ግንባር አውቀዋለሁ። ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ላይ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ እኔም እሱኑ ግንባር ተሸክሜ ዞሬያለሁ። "እስቲ ላስብበት" ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦርነት ሲጋዝ ጭልጋ አጠገብ ካለችው መንደራችን ተነስቼ በመተማ በኩል ወጣሁ። አባቴ ገና በልጅነቴ ሞቷል። እህትም ወንድምም የለኝም። እምየ ብቻዋን ቀረች። ስንለያይ "ሂድልኝ፤ ከምትሞትብኝ ብትርቀኝ ይሻለኛል" ነው ያለችኝ። መጀመሪያ ሀዋታ ወርጄ ሰሊጥ አጨድኩ፤ ኋላ ገዳሪፍ ከተማ፣ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ የማበጠር ሥራ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ በወንፊት ስንነፋ ብናኙ ዓይናችንን ይፈጀዋል፤ ቀትር ላይ የኒም ዛፍ ሥር ተኮልኩለን ፉል በኪስራ እንበላለን። ኪስራ ከማሽላ የምትጋገር ስስ ቂጣ ናት፤ መጀመሪያ ንቄያት ነበር፣ በኋላ እሷን ካልበላሁ አልጠግብም አልኩ። ሥራውስ ደህና ነበር። መከራዬ ፀጉሬ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ትራሴ ላይ ተገኘ። በሁለተኛው ግንባሬ ወደ ማጅራቴ ጉዞ ጀመረ። ነጭ ሽንኩርት ፈተግኩበት፤ ቆዳዬ ተላጠ እንጂ አንዲት ጭረት አልበቀለችም። የሰሊጥ ዘይት ቀባሁ፤ የመጋዘኑ ብናኝ እየተለጠፈበት የተጋገረ ነገር መሰልኩ። ባለመጋዘኑ በስሜ መጥራቱን ተወና "ያ አስላ!" ይለኝ ጀመር። አንተ መላጣ ማለቱ ነው። የእኛ ልጆችም እግዜር ይስጣቸው፣ ወዲያው ተቀበሉት። ሱዳኖች የሚያደርጉትን ነጭ ቆብ ገዝቼ ጭንቅላቴ ላይ ደፋሁ። ግን ቆብ ተደርጎ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ሽማግሌ ፊትም አይቀመጥም።

ለፀጉር ይህን ያህል መብሰክሰክ ምን ይባላል ትሉኝ ይሆናል። ዓለምነሽ ነበረቻ! አባቷ አያ ተገኘ የአገራችን ሰው ናቸው፤ ከነቤተሰባቸው ተሰደው ከከተማው ዳር ባለው የስደተኞች ሰፈር ይኖሩ ነበር። ልጅቱን በማርያም ቀን ቅዳሴ ላይ አየኋት፤ በቃ፣ አበቃልኝ። ሽማግሌ ላክሁ። የአያ ተገኘ መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ልጁ ሠራተኛ ነው ይባላል፤ መልካም። ግን ዕድሜውን ይደብቃል። በሃያ ሦስት ዓመቱ የሚመለጥ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጄን ለሽማግሌ አልድርም። የጥምቀት ማግሥት ይምጣና ቆቡን አውልቆ ፊት ለፊት ልየው።"

ጥር ገና መግባቱ ነበር። አሥር ቀን ቀረኝ።

ገበያው ውስጥ ዐም ሐሰን የሚባል ሽማግሌ ፀጉር ቆራጭ ነበር። ወንበሩ ከግንድ የተጠረበ፣ መስታወቱ መሐሉ የተሰነጠቀ፤ ወሬው ግን ሙሉ ነው። አረብኛ መጽሔት ገልጦ የአንድ ሐኪም ፎቶ አሳየኝ። ካይሮ ነው አለ፤ ከማጅራት ፀጉር እየነቀለ እንደ በርበሬ ችግኝ ግንባር ላይ ያዛውራል። ልቤ ዘለለ። ወረቀቱን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝ።

"ካይሮ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ለአንተ?" አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ። ብናኝ የለበሰ ሸሚዝ፣ የጎማ ጫማ። "ለአንተ አንድ ዕድሜ።"

ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። መጽሔቱን አጥፌ አስቀመጥኩና መስታወቱን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምን ዓይነት ብልህ ነኝ አልኩ! ጭራሹን ብላጨው የቱ እንደረገፈ የቱ እንደተላጨ ማን ይለያል?

"ላጨው" አልኩት። "ሁሉንም፤ በምላጭ።"

ዐም ሐሰን ምላጩን አየር ላይ ይዞ ቆመ። "ማን ሞተብህ?"

"ማንም።"

"ሐበሻ ሰው ሳይሞትበት በምላጭ አይላጭም" አለ። ሱዳናዊው ያወቀውን የጭልጋው ልጅ ረሳሁት፤ ሲነግረኝም አልሰማሁትም። ፍቅርና እፍረት አንድ ላይ ከያዙህ አገርህንም ትረሳለህ።

ከወንበሩ ተነስቼ ሃያ እርምጃ አልሄድኩም። እትዬ ጥሩነሽ፣ ለእኛ ለሠራተኞቹ ምግብ የምትሸጠው፣ የእህል ተራው ላይ ከሰው ጋር ቆማ አየችኝ። ሙልጭ ያለ ራሴን አየች። የያዘችውን ዘንቢል ጣለችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ! እናትህ ናት? እናትህ ናት አይደል?"

ሌላ ማንን ትጠይቅ? አባት እንደሌለኝ ታውቃለች፣ ወንድም እንደሌለኝ ታውቃለች። እኔ የምላጭላት አንዲት ሰው ብቻ ነበረችኝ። ሰው ከበበን። ቀና ስል ማሽላ ሊገዙ የመጡት አያ ተገኘ ከፊቴ ቆመዋል። ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ለእኔ ነው ያወለቁት። "አይ፣ እናቴ ደህና ናት፤ መላጣነቴን ከእርስዎ ልደብቅ ብዬ ነው" ልበላቸው?

"አዎ" አልኩ።

እንግዲህ አንዲት ቃል ናት። እትዬ ጥሩነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ኡኡ አለች። ማን አረዳህ አሉኝ፤ ወደ ሀዋታ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ሎሪ ላይ ሆኖ ነገረኝ አልኩ። ውሸት ደጋፊ አያጣም፤ አንዱ ያንን መንገደኛ አይቼዋለሁ እስከ ማለት ደረሰ።

ሦስት ቀን ተለቀሰ። ሰሌን ተነጠፈ፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች፣ የሰፈሩ ሰዎች፣ ጎረቤት ሱዳኖች ሳይቀሩ መጡ፤ ሱዳኖቹ እጃቸውን ዘርግተው ለሙት የሚደርሱትን ፋቲሓ አሉ። ባለመጋዘኑ ራሱ "አስላ" ማለቱን ትቶ በስሜ ጠራኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ያውም አሳምሬ። የእምየን እጅ፣ አረማመዷን፣ በር ላይ ቆማ የሸኘችኝን እያነሳሁ ስናገር ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ዓለምነሽ ከእናቷ ጋር መጣች። አልቅሳ ዓይኗ ቀልቷል። ውሃ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝና ራሴን ቀና ብላ አየችው፤ እንደ መላጣ ሳይሆን እንደ ቁስል አየችው። አበስኩ ገበርኩ! እናቴን ገድዬ ለቅሶ ተቀምጬ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

አያ ተገኘም በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብለው "የሽማግሌዎቹን ነገር እንዳታስብ፤ ለእናቱ እንዲህ የሚሆን ልጅ ለሚስቱም ይሆናል። አርባዋ ይውጣ" አሉኝ። ከዚያ በየሳምንቱ ዐም ሐሰን ጋ እየሄድኩ መላጨት ነው። ሐዘን ላይ ነው ተባለ። ዐም ሐሰን አንድም ቀን ምንም አላለኝም፤ ሲላጨኝ ግን መስታወቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አያ ደሴ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አስጠሩኝ። በመተማ በኩል እየተመላለሱ የሚነግዱ የመንደራችን ሰው ናቸው። ልብሳቸው አቧራ ነው፤ እጃቸው ላይ አንዲት ቅል አለች። ወደ ኒም ዛፉ ጥላ ወሰዱኝ።

"ማን ነው በሐሰት ያረዳህ?" አሉኝ።

ሸሚዜ ላይ ያለውን ብናኝ አራገፍኩ።

"ለቅሶህ ላይ የነበረ አንድ ሰሊጥ አጫጅ አገር ገባ። ገበያ መሐል እናትህን ሲያያት ጮኸ። ልጅሽ ተላጭቶልሽ፣ ማቅ ለብሶልሽ አላት። እሷ ምን አለች መሰለህ? ልጄ እናቴ ሞተች ብሎ እያለቀሰ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እህል አልበላም፤ ሄጄ በዓይኑ ይየኝ አለች። ይቅርብሽ፣ ቆላው ይጎዳሻል አልናት። ማን ይስማ! ከእኛ ጋር ወረደች። መንገዱን ሁሉ ትስቅ ነበር፤ ሲያየኝ እንዴት ይደነግጥ፣ እያለች። መተማ ስንደርስ ወባ ጣላት። አራት ቀን ነው የቆየችው። እዚያው ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት።"

ብናኙ ላይ ቁጭ አልኩ። አያ ደሴ ግን አልጨረሱም።

"እስክትሞት የረገመችው ያንን ያረዳህን ሰው ነው። ልጄን በውሸት ያስለቀሰ፣ እሱም እናቱን ሳይቀብር ይቅር፣ አለች። ስለዚህ ነው የምጠይቅህ። ማን ነው?"

ጎንበስ ብለው አዩኝ። ዓይኔን አዩ፣ ከዚያ ራሴን አዩ፤ ከሁለት ቀን በፊት የተላጨው፣ ከጎንና ከኋላ ብቻ ጠቆር ጠቆር እያለ የሚያቆጠቁጠው፣ ከፊት ግን እንደ እንቁላል የሚያበራው ራሴ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ገባቸው። ቅሏን ጭኔ ላይ አስቀመጧት።

"ቅቤ ነው። የተላጨ ራሱን የቆላ ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ እኔው እቀባዋለሁ ብላ የያዘችው ነው" አሉ። "ንገራቸው ወይም አትንገራቸው፤ እኔ አፌን አላበላሽም።" ሄዱ። ከዚያ በኋላ አይቻቸው አላውቅም።

እውነተኛው መርዶ እንዲህ መጣ። ታዲያ ምን ላድርግ? ልላጭ? የምላጨው ፀጉር አልነበረኝም። ጥቁር ልልበስ? ለብሻለሁ። ሰው ልጥራ? ሰው ሁሉ መጥቶ፣ አልቅሶ፣ ተመልሷል። ወደ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄጄ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ፤ ያን ዕለት ቃል አላሳመርኩም፣ እንደ ከብት ነው የጮህኩት። እሷ ድስቷን እያማሰለች ተቆጣችኝ።

"ኧረ ይብቃህ! ወር አለፋት እኮ። አሁንስ አበዛኸው፤ ነፍሷንም አታስጨንቃት።"

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ቅሏን ሰጠኋት።

አርባው ዐቢይ ጾም ሊገባ ባለበት ሰሞን ዋለ። ለእምየ ግን ገና ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላትም። ወጡ በዚያ ቅቤ ተሠራ። ሰዉ ሐዘኑ ወጥቶለት ይጫወታል፣ ይሳሳቃል። አያ ተገኘ ጣታቸውን ልሰው "ይህ ቅቤስ የአገር ነው፤ ከየት አገኛችሁት?" አሉ። ዓለምነሽ በሞቴ ብላ በእጇ አጎረሰችኝ። ጎረስኩ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ አገራችን ገብተን ጎንደር ተቀመጥን። ዓለምነሽ እስከ ዛሬ አታውቅም። በየዓመቱ ጥር ሲጠባ የእናቴን ሙት ዓመት ታወጣለች፤ እህሉን ከታኅሣሥ ጀምራ ነው የምትለቅመው። የዚያን ዓመት በዚያ ቀን እምየ በሕይወት ኖራ ከብቶቿን ታግድ፣ ገበያ ትወጣ ነበር። እውነተኛው ቀን ሲደርስ እኔ ጉዳይ አለኝ እላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንዲት ጧፍ አበራለሁ፣ ከሌላ ሰው ለቅሶ የመጣሁ መስዬ እመለሳለሁ።

ብሩክ ትናንት መልሱን ሊሰማ ተመልሶ መጣ። እኔ ከመናገሬ በፊት ዓለምነሽ ከጓዳ ሆና ቀደመችኝ።

"ፀጉር ምን ያደርግልሃል፣ አንተ ልጅ! እኔ ጋሼህን የወደድኩት ሙልጭ ብሎ ነው። ለእናቱ ተላጭቶ፣ ያ ራሱ ፀሐይ ላይ እያበራ ሲያለቅስ አይቼ፣ ይሄ ሰው ነው አልኩ።"

ብሩክ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎስ ጋሼ?"

"ሂድና አስተክል" አልኩት። "አንተ ቢያንስ የምትነቅለው ከራስህ ማጅራት ነው።"

አልገባውም፤ ብቻ ፈቃድ ስላገኘ ደስ ብሎት ወጣ። እኔ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ዓለምነሽ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የምጽፈውን ሁሉ እኔ ነኝ የማነብላት። ዛሬ ጠዋት የሙት ዓመቱን ሽምብራ ሰፌድ ላይ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ እናቴ።"

"እስቲ አንብብልኝ" አለች።

አነበብኩላት። የውሸቱን ቦታ ሁሉ እየዘለልኩ፣ እጄን እስካስታጠበችኝ ድረስ አነበብኩና፣ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አይቼ፣ እዚያ ላይ አለቀ ብያት ወረቀቱን አጠፍኩት።