ስድስተኛው ሳጥን

ማላኪ ኩዊርክ በአየርላንድ ገጠር፣ በኬሪ፣ የመንደሩን ወተት በጋሪ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ያለው ሀብት ሁለት ላምና ቢዲ የምትባል የሩጫ ውሻ ነው።

ቢዲ ሲፈጥራት መጋፋት አትወድም። የውድድር ትራኩን በውጭ በኩል ሰፋ አድርጋ ትዞርና መጨረሻ ላይ ሌሎቹን ውሾች ትደርስባቸዋለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ከስድስቱ የመነሻ ሳጥኖች በውጭ ዳር ያለው፣ ስድስተኛው፣ ርስቷ ነው። ሳጥኑን የሚሰጠው ግን ዕጣ ነው፤ በዚያ ጸደይ ደግሞ ዕጣው ደጋግሞ አንደኛው ውስጥ፣ ከውስጠኛው አጥር ሥር ጣላት። ወደ ዳር ልውጣ ብላ ስትሻገር አምስቱ ውሾች መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይደፈጥጧታል።

«ማላኪ፣ መንገድ መሻገር ከወደደች ለምን ገበያ አትልካትም?» ይለዋል ውርርድ ተቀባዩ ታይግ፤ ሰዉ ይስቃል።

በበጋው ላሞቹ በኪራይ የሚግጡበት መሬት ባለቤት ሊሸጠው መሆኑን ነገራቸው። ማላኪና ሚስቱ አትራክታ ካልገዙት ላሞቹ የሚቆሙበት የላቸውም። ማላኪ ሲያሰላስል ከርሞ አንድ ሐሳብ መጣለት። ቢዲ አጥሩን ታክካ መሮጥ ብትለምድስ? አንደኛው ሳጥን ሲደርሳት ታይግ «አለቀላት» ብሎ ብታሸንፍ በአንድ አሥር እከፍላለሁ ይላል። ገንዘብ ማስያዝ ያኔ ነው።

ሜዳው ላይ የበግ መከለያ አጥር ክብ አድርጎ ተከለ። አትራክታ ተገልብጦ የቆመ ብስክሌት ፔዳል በእጇ ታዞራለች፤ ገመዱ ጎማ በወለቀለት ቸርኬ ላይ ሲጠቀለል አንድ የጥንቸል ቆዳ መከለያውን እያስታከከ ይጎትተዋል፤ ቢዲም ትከተላለች።

«ተፈጥሮዋን ባትነካባት ምን አለበት?»

«አንቺ ብቻ አዙሪልኝ፣ የኔ እመቤት።»

በጋው ሳያልቅ ቢዲ አጥሩን እንደ ጥላ ታከከች። ማላኪ ለውርርዱ ከሁለቱ ላሞች ያረገዘችውን ሸጠና ዕጣውን ጠበቀ።

ዕጣው ወጣ፤ ስድስት።

ትራኩ በር ላይ ጎረቤቶች ትከሻውን መቱት። «ወንድሜ፣ በመጨረሻ ርስቷ ገባች! እኛም በእሷ አስይዘናል።» ማላኪ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስድስት እንዲደርሳት ስለት ተስዬ ነበር» አለች አትራክታ በሹክሹክታ። «አትፍራ፤ ክፍት ቦታ ስታይ ጠባይዋ ይመለስላታል።»

እሱ በየማታው አንድ እንዲደርሳት ሲለምን እንደከረመ አልነገራት። ገንዘቡን ይዞ መመለስ ፈለገ። ቢዲ ትቀድማለች ተብላ በእሷ የሚከፈለው ወርዷል፤ ብታሸንፍ እንኳ ገንዘቡ የመሬቱን ግማሽ አይገዛም። ነገር ግን በእነሱ መንደር በገዛ ውሻው የማያስይዝ ሰው ስሙ ዳግመኛ በደግ አይነሳም።

«ምነው ኩዊርክ?» አለ ታይግ ውርርድ ከሚቀበልበት መቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ሁሉ እንዲሰማ። «እንዳትሮጥ ምን አጠጥተሃት ነው የምታመነታው?»

ጎረቤቶቹ ዞረው አዩት። ማላኪ የላሟን ዋጋ በሙሉ አውጥቶ ሰጠው።

ውሾቹ የሚያሳድዱት፣ በማሽን የሚጎተተው የጥንቸል ምስል በሽቦው ላይ እየጮኸ አለፈ፤ ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ቢዲ ከሁሉ ቀድማ ወጣች፤ ከፊቷ ያለው ባዶ ሜዳ ነው።

«ቀጥ ብለሽ ሩጪ፣ ልጄ» አለ ማላኪ። «ቀጥ ብለሽ።»

እሷ ግን የተማረችውን አልረሳችም። አጥሩን ፍለጋ በአምስቱ ውሾች ፊት ወደ ውስጥ ታጠፈች። መታጠፊያው ላይ አንድ ላይ ወደቁ፤ ማላኪ ከጩኸቶቹ መካከል የእሷን ለየው።

አጥሩን ዘሎ ታቀፋት። የኋላ እግሯ ተንጠልጥሏል።

«እኔ ነኝ» አለ ማላኪ፣ አትራክታ ስትደርስ። «አንቺ የለመንሽው ልክ ነበር። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

«ብስክሌቱን ያዞርኩትስ እኔ አይደለሁ?»

የእንስሳት ሐኪሙ እግሯን ዳሰሰ። «ሩጫ አበቃላት። ለመራመድ ግን ትድናለች።»

«ተመስገን» አለች አትራክታ፤ ያን ጊዜ ገና እንባዋ መጣ። ማላኪ ውሻዋን በኮቱ ጠቀለላት።

በሳምንቱ መቆሚያ ያጣችውን ሁለተኛዋን ላም ገበያ ነዳት።