አምባሰል ራሱን የቻለ አገር ነበር ወይ?

«አምባሰል አገር ነበር ብለሽ ካልጻፍሽ ወላሂ አልወርድም!» ብለው የአምባሰሉ ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ዛሬ ሚኒባሱን ሐይቅ መናኸሪያ ላይ ገትረው ያዙት።

ነገሩ የተጀመረው ከውጫሌ ስንሳፈር ነው። ልጄ ለነገ የምታስረክበው የታሪክ የቤት ሥራ አለባት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ግዛቶች ራሱን የቻለ አገር የትኛው እንደነበር ትለያለች። የቀራት አምባሰል ብቻ ነው።

«የራሱ ገዢ ነበረው?» አለች ከደብተሯ እያነበበች።

«ጃንጥራር የሚባል ገዢ ነበረን እንጂ!» አሉ ጋሽ ይማም ደረታቸውን ነፍተው።

«ለሌላ ገዢስ ግብር ይከፍል ነበር?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«እሱማ... አንዳንዴ። ግን ከተራራው ወርዶ አይሰጥም፤ የፈለገ ወጥቶ ይውሰድ ነው የሚለው!»

እናንተዬ፣ ሳቁ!

ሾፌሩ «ኧረ ጋሼ፣ ተራዬ ሊያልፈኝ ነው» እያለ ሲለምን ልጄ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አገር ነበር። ግብር የሚከፍለው ግን ቤቱ ድረስ ለመጡለት ብቻ ነው።» ጋሽ ይማም ሁለቴ አስነብበው፣ መርቀዋት ወረዱ።

መምህሯ ስንት እንደሚሰጣት እንጃ። እኔ ግን የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ባሌ ደግሞ የአምባሰል። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የውጭ ዜጋ ኖሯል ቤቴ ያለው!

እናንተስ ሳታውቁት ከየትኛው አገር አግብታችኋል? ንገሩኝ እስቲ።